ከቢቸና እስከ ሞጣ፦ የ79 ኪሎ ሜትር ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ከታሪክ ይልቅ የሒሳብ ትምህርት ሳይመስላችሁ አልቀረም። ጥያቄው አጭር ነው፤ ከቢቸና እስከ ሞጣ በአየር ምን ያህል ይርቃል? ሒሳቡም ቢሆን አያስቸግርም። ቢቸና 10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ሞጣ ደግሞ 11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት። ሁለቱን በቀጥታ መስመር ብናገናኛቸው 79 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን። በአገር ውስጥ በረራ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ዲሲ-3 አውሮፕላን በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል ብንል፣ ይህን መስመር በ17 ደቂቃ ያልፈዋል። መነሣቱና መውረዱ ቢታከልበት እንኳ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ቁጥሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ማለዳ ከቢቸና ገበያ ተነሥቶ ከ17 ደቂቃ በኋላ ሞጣ ገበያ የደረሰ ነጋዴ፣ ወይም ሞጣ ላይ ታሞ በዚያው ፍጥነት ቢቸና የገባ በሽተኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እንግዲህ የታሪክ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው፣ መስመሩ ስንት ነው ብሎ ብቻ አይደለም፤ ይህ የ17 ደቂቃ መንገድ የማን መንገድ ነበር ብሎም ነው።

ከምድሩ ልጀምር። አባቶቻችን ርቀትን የሚለኩት በእግርና በፀሐይ ነበር። ጠዋት ሄዶ ማታ ከቤቱ የሚገባበት ስፍራ ለመንገደኛው ቅርብ ነው፤ አድሮ የሚገባበት ሩቅ ነው፤ ሁለትና ሦስት አዳር የሚጠይቀው ደግሞ ስንቅ ተቋጥሮ፣ ጓደኛ ተፈልጎ የሚኬድበት ነው። ዛሬ የመጽሐፍ ክፍል መጠሪያ ያደረግነው «ምዕራፍ» የሚለው የግእዝ ቃል ሥሩ «ዐረፈ» ነው፤ መንገደኛ የሚያርፍበት ስፍራ ማለት ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎቻችንም ቃሉን የርቀት መለኪያ አድርገው ተጠቅመውበታል። አውሮፕላን የሚወርድበትን ሜዳ «ማረፊያ» ብለን ስንጠራ ከዚሁ ሥር ቃል መቅዳታችንን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ልዩነቱ፣ በምዕራፍ የሚያርፈው ሰው ሲሆን በማረፊያ የሚያርፈው መኪናው መሆኑ ነው።

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚሄድ እግረኛ በደብረ ወርቅ አልፎ፣ በጉንደ ወይን በኩል ወደ ሰሜን ያመራል። የመኪናው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ያለፈ ነው። ጎበዝ እግረኛ በቀን 35 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ሦስት ቀን ይፈጅበታል ማለት ነው፤ ያውም በበጋ። ክረምት ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚረዝመው ከጮቄ ተራራ ሙጋንና ሱሃን የመሰሉ ብዙ ወንዞች ይነሣሉ፤ ምሥራቅ ጎጃምን እየሸነተሩ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ስለዚህ ከደቡብ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ወንዞቹን እየተከተለ ሳይሆን እያቋረጠ ነው የሚሄደው። በሐምሌ ወንዝ ዳር ተቀምጦ ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ የጉዞው ክፍል ነበር። አብራሪው ግን ጮቄን በግራው፣ የዓባይን ሸለቆ በቀኙ አድርጎ ሲያልፍ እነዚህን ወንዞች እንደ ክር ያያቸዋል።

የሞጣን ሰው ችግር ለመረዳት ወደ ሰሜን አንድ እርምጃ ማለፍ ያስፈልጋል። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚወስደው መንገድ ዓባይን የሚሻገረው በዐፄ ፋሲል ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ለአሥርተ ዓመታት ሰዎች በዚያ ክፍተት ላይ በገመድ እየተጎተቱ፣ ከታች የሚገሰግሰውን ዓባይ እያዩ ተሻግረዋል። ይህ የሆነው በሩቁ ዘመን አይደለም፤ በሰማዩ ጄት በሚበርበት በዚያው ዘመን ነው። ሁለቱን በአንድ ዓይን ሳናይ ስለ ምሥራቅ ጎጃም ርቀት ብንናገር ጎደሎ ነው።

አሁን ወደ ሰማዩ እንውጣ።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፖቴዝ 25 የሚባል የፈረንሳይ ሥራ ነበር። ንጉሥ ተፈሪ መኮንን አውሮፕላንን የፈለጉት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ስምንት ወር እንኳ መጠበቅ አላስፈለገም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ጦርነት ሲወድቁ፣ ከሰማይ አስቀድሞ የወረደው ወረቀት፣ ቀጥሎ የወረደው ቦምብ ነበር። ወረቀቱ ሠራዊቱን የሚገዝት ቃል የያዘ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ የሰሜን መስፍን ከአዲስ አበባ ጋር ሲጣላ ትልቁ አጋሩ ርቀት ነበር። የመሀል አገር ጦር ተሰብስቦ፣ ስንቁን ይዞ፣ ወንዙን ተሻግሮ እስኪደርስ ወራት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ወራት ሽምግልናም፣ ዕርቅም፣ ክዳትም ይኖራል። በአንቺም የፈረሰው ይህ የቆየ አጋርነት ነው። በእኔ አመለካከት አንቺም በታሪካችን ከተሰጠው ቦታ የላቀ ቦታ ይገባዋል። ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዘውዲቱ ሞት ጋር ተያይዞ ብቻ ነውና።

የጣልያኑ ዘመን ይህንኑ በሰፊው አሳየ። በጎጃም ጣልያኖች ከተማውንና ምሽጉን ያዙ፤ ገጠሩን ግን አርበኛው ያዘው። በቢቸና ዙሪያ የበላይ ዘለቀ ስም የገነነው በዚህ ጊዜ ነው። ለምሽጉ አውሮፕላን የደኅንነት ክር ነበረች፤ ለባላገሩ ደግሞ ከሰማይ የምትመጣ ቁጣ። ከነጻነት በኋላ በላይ ቢቸናን እንዲያስተዳድር ተሾመ፤ ከማዕከሉ ጋር ተጣልቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ። ታሪኩን በዝርዝር አልገባበትም። እዚህ ያነሣሁት ቢቸና ለማዕከላዊው መንግሥት ካርታው ከሚያሳየው በላይ የምትርቅ ስፍራ እንደነበረች ለማመልከት ነው።

በላይ በሞተ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ። ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ ሲ-47 አውሮፕላኖች ሥራ ጀመረ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። ሲ-47 የዲሲ-3 ወንድም፣ የወታደር ልብስ የለበሰው ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተከትለው በተዘረጉ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ጭነቱ በመካከል ታስሮ ይሄዳል። የዛሬው ተጓዥ ቅሬታውን ከማቅረቡ በፊት ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

ይህ አውሮፕላን ለአገራችን የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ የተስማማ ነበር። አስፋልት አይጠይቅም። ድንጋዩ የተለቀመ፣ ውኃ የማያቁር፣ ጥሩ ርዝመት ያለው የሣር ወይም የጠጠር ሜዳ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ደጋው የራሱን ዋጋ ያስከፍለዋል። ሞጣም ቢቸናም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል፤ ስለዚህ ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ወይም ቀለል ያለ ጭነት ያስፈልጋል። ሜዳው በክረምት ጭቃ ይሆናል፤ በበጋ ደግሞ ከብት ይሰማራበታል። እንግዲህ የበረራ ጊዜ የሚባለው በሰንጠረዥ ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ብቻ አይደለም፤ ሜዳው የሚደርቅበትን ወርና ከብቱ የሚነዳበትን ጊዜም ይጨምራል።

የሞጣ ስም በዓለም አቀፉ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ዝርዝር ውስጥ ኦ.ቲ.ኤ. በሚል ምልክት ዛሬም ይገኛል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባት ትልቅ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የአገር ውስጡን የበረራ መረብ አሠራር ስትመለከቱ ክሮቹ ሁሉ የሚጠነጠኑት አዲስ አበባ ላይ መሆኑን ታያላችሁ። አውሮፕላኑ በየማረፊያው ወርዶ ቢነሣም የሚወጣው ከማዕከሉ ነው፤ የሚመለሰውም ወደ ማዕከሉ ነው። ከሞጣ እስከ አዲስ አበባ በአየር 246 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቢቸና እስከ አዲስ አበባ 168 ያህል። መንግሥት የሚያስፈልገው እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። የ79 ኪሎ ሜትሩ መስመር፣ የጎረቤት ከጎረቤት መስመር፣ ገበሬውና ነጋዴው ይፈልጉት ነበር፤ ለእነርሱ ብሎ ግን አውሮፕላን የሚያስነሣ አልነበረም። ሁለቱም በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የአውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ፤ እርስ በርስ የሚገናኙት በእግርና በበቅሎ፣ በገበያና በለቅሶ ነበር።

ይህ ልዩነት ደም ያፈሰሰው በ1960 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት መንግሥት ዐሥራትን አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል አዋጅ ቁጥር 255ን አወጣ። በወረቀት ላይ ሲነበብ አዋጁ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይከፍላል፣ ትንሽ ያመረተ ትንሽ። የጎጃም ገበሬ ግን ያነበበው ሌላ ነገር ነበር። ገቢው እንዲታወቅ ምርቱ መገመት አለበት፤ ምርቱ እንዲገመት መሬቱ መታወቅ አለበት፤ መሬቱ እንዲታወቅ ደግሞ መለካት አለበት። በደቡብ ቃላድ የተባለው የመለኪያ ገመድ ከተዘረጋ በኋላ መሬት ከነባሩ ባለቤት እጅ እንዴት እንደወጣ ጎጃሜው ሰምቷል። በጎጃም መሬት ርስት ነው፤ የሚታወቀው በትውልድ ቆጠራ እንጂ በገመድ አይደለም። ከዚህ በፊትም የመሬት ልኬት በመጣ ቁጥር ጎጃም እምቢ ብሏል። በዚህ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ የደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር በመሣሪያ ምዝገባና በልዩ ልዩ መዋጮ ሕዝቡን አስመርሮት ነበር።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን አመፅ የባላባቶች ቅስቀሳ ብቻ አድርገው ያቀርቡታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ባላባቱ እጁ አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ባላባት ስለገፋው ብቻ ገበሬ ያን ያህል ወራት ከእርሻው ተለይቶ መሣሪያ ይዞ አይውልም።

ለዛሬው ርእሳችን ዋናው ነገር አመፁ የበረታባቸው አውራጃዎች ናቸው፤ ሞጣና ቢቸና ከግንባር ቀደሞቹ ናቸው። በሁለቱ መካከል ስልክ የሚደውል ገበሬ አልነበረም። ገበሬው የሚያነበው ጋዜጣ፣ የሚሳፈርበት አውሮፕላንም አልነበረም። ወሬው የሄደው በሦስት ቀኑ መንገድ ነው። ቅዳሜ በአንድ ገበያ የተባለው በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ይደገማል፤ በማኅበር ይመከርበታል፣ በተዝካር ይማማሉበታል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ገበያ ይሻገራል። ግብር ገማቾቹ በአንዱ አጥቢያ ሲባረሩ የሌላው አጥቢያ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ገበሬዎቹ በዚሁ የእግር መንገድ ወኪሎቻቸውን ለአቤቱታ እስከ አዲስ አበባ ልከዋል። የዓባይን በረሃ ወርደው፣ ወጥተው፣ በየደጃፉ ደጅ ጠንተው ተመልሰዋል።

መልሱ በሌላው መንገድ መጣ። ጦር ተላከ፤ የአየር ኃይሉ አውሮፕላኖችም በመንደሮች ላይ ቦምብ ጣሉ። የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ዋና ሰፈር ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ ነው። ከዚያ እስከ ቢቸና በአየር 208 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የዚያ ዘመን ተዋጊ ጄት በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፤ ስለዚህ ከተነሣ በሩብ ሰዓት ያህል ቢቸና ሰማይ ላይ ይደርሳል። ሞጣን ቢጨምር ስድስት ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። ከዚህ ቀደም የጠየቅሁት ጥያቄ፣ ይህ አጭር መንገድ የማን ነበር የሚለው፣ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። አቤቱታ ይዞ የወጣው ገበሬ የመጀመሪያውን ዳገት ሳይጨርስ፣ አውሮፕላኑ ሥራውን ፈጽሞ ወደ ሰፈሩ ይመለስ ነበር።

ሆኖም ልብ ልንለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። አውሮፕላኑ በደቂቃዎች ደረሰ፤ ግብሩ ግን አልተሰበሰበም። ከሰማይ ሆኖ ማሳ መገመት፣ ርስት መለካት፣ ከጎተራ እህል መቁጠር አይቻልም። ለዚያ ሥራ አንድ ሹም በእግሩ መጥቶ፣ ከገበሬው ደጃፍ ቆሞ፣ ገበሬውም በሩን ሊከፍትለት ይገባል። በመጨረሻ መንግሥት ወደ ኋላ ተመለሰ። ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሥተው በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተሾሙ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፍ ግብር ማሩ፤ አዋጁም በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ። በ1922 ዓ.ም. በአንቺም ላይ አውሮፕላን መስፍንን አሸንፏል። በ1960 ዓ.ም. ገበሬን ገድሏል፤ ግብር ግን ሊያስከፍለው አልቻለም። የመጀመሪያው ጦር ነበረው፤ ጦር ሊበተን ይችላል። ሁለተኛው ማሳ ነበረው፤ ማሳ አይበተንም።

ስለ ዛሬ ጥቂት ልበል፤ ረጅም አላደርገውም። የሞጣ ሰው አዲስ አበባ በአውሮፕላን መሄድ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ባሕር ዳርን ነው። ባሕር ዳር ከሞጣ በአየር 78 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቢቸናው ርቀት ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። በመኪና 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይጓዝና፣ ከዚያ በአንድ ሰዓት ያህል በረራ የመጣበትን አገር ከላይ እያየ ወደ ደቡብ ይመለሳል። የቢቸናው መንገደኛ ደግሞ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ይወርዳል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ወደ አንድ ከተማ ለመሄድ ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይወጣሉ። ዛሬም ቢሆን መረቡ የተሠራው ለማዕከሉ ነው። የሁለቱ ከተሞች የ79 ኪሎ ሜትር መስመር በሒሳብ አለ፤ በሕይወት ግን የለም።

አሁን ወደ ተማሪዎቼ ልዞር። የ1960ውን ታሪክ የምንጽፈው በአብዛኛው ከላይ ካለው ወገን ሰነድ ነው። ማዕከሉ ቴሌግራም አለው፣ ሪፖርት አለው፣ ትእዛዝ አለው። በሦስቱ ቀን መንገድ የሄደው ወሬ ግን አልተጻፈም። በዚያ ዓመት የ18 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ75 ዓመት በላይ ነው። እነዚህን አባቶችና እናቶች ስትጠይቁ «አመፁ ለምን ተነሣ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ለዚህ ጥያቄ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ከሬዲዮና ከካድሬ የሰሙትን መልስ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ይልቅ በአክብሮት ተቀምጣችሁ ትናንሾቹን ጠይቁ። ወሬውን መጀመሪያ የሰሙት በየትኛው ገበያ ነው? ያመጣው ሰው ከየት ተነሥቶ ስንት ቀን ሄዶ ነበር? የትኛው ወንዝ አዘገየው? አውሮፕላኑ ሲመጣ ፀሐይ የት ነበረች? ከየት በኩል ታየ፣ ወደየትስ ዞረ? አንድ እናት «ከብት ልናጠጣ ወርደን ሳለ፣ ከዓባይ በኩል» ብለው ቢነግሯችሁ ሰዓቱንም አቅጣጫውንም አገኛችሁ ማለት ነው፤ ከአየር ኃይል መዝገብ ጋር የምታስተያዩት ነገር በእጃችሁ ገባ ማለት ነው።

የሄዳችሁበትን መንገድም መዝግቡ። ከቢቸና ተነሥታችሁ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን በኩል ሞጣ እስክትገቡ አንዱን ጉዞ በእግር ብታደርጉት አልቃወምም፤ ጫማ ግን ደኅና ይሁን። ክፍላችን ሁለት የድምፅ መቅጃዎች አሉት፤ ማን መቼ እንደሚወስዳቸው ከዚህ ስብሰባ በኋላ እንነጋገራለን።

 ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።